ግመል ነጂው ደጃዝማች

በደርግ ጊዜ ነው። መሬታቸው በአዋጅ ሲወሰድ አማቴ ከደጋ ወደ እኛ ወደ ሸሕዲ ወረዱ። መሬቱ ቢቀርም የዘር ቆጠራው አልቀረም። ቀበሌ እንዳይሰማ በሩን ዘግተው፣ ከንጉሥ ሰሎሞን ጀምረው በጣታቸው እየቆጠሩ እስከ ራሳቸው ይወርዳሉ። «እሜቴ» ካላልኳቸውማ አቤት አይሉም።

እኔን ያሳደገኝ አያቴ ነው፤ ከመተማ ሱዳን ገዳሪፍ ድረስ ግመል ሲነዳ ኖሮ ያረፈ፣ ጀላቢያው ከአቧራ ተለይቶ የማያውቅ ሰው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለ «ወንድ ከሆነ በአያቴ ስም ይጠራልኝ» ብዬ አማቴን ለመንኩ።

«በግመል ነጂ ስም? በነገሥታት ዘር ላይ ጭነት ልትጭኝ!» ብለው ሳቁብኝ። ስሙ ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም። ዋጥ አደረግሁት። መዋጥ ግን መርሳት አይደለም።

የሰሊጥ ወቅት ደረሰ። እኔ በሰፌድ ሰሊጥ አበጥራለሁ፣ እሳቸው ይቆጥራሉ። መሐል ላይ ጣታቸው ቆመ።

«የእሱ ልጅ... የእሱ ልጅ... ኧረ ማን ነበር? ሁልጊዜ ስትሰሚኝ፣ ንገሪኝ እንጂ አንቺ!»

ፊታቸው አመድ መሰለ። የሚጠይቁት ሰው የለም፤ የነገሥታት ዘር ነኝ ማለት ያን ጊዜ ያስጠምዳል። ሰፌዴን ሳላስቀምጥ የአያቴን ስም ጠራሁ፤ ከፊቱ «ደጃዝማች» ጨመርኩበት።

«አዎን! እሳቸው ናቸው! አፌ ላይ ነበሩ እኮ!»

የአያቴን ስም የሚያውቀው ባሌ ሳል ይዞት ወደ ውጭ ወጣ።

እኔ የሰጠሁት ስም ብቻ ነው። አማቴ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ አንበሳ አስገደሉት፣ ፈረስ ሰጡት፣ ከንጉሥ ማዕድ አስቀመጡት። «እስቲ ይድገሙልኝ እሜቴ» እላለሁ፤ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

ወንድ ወለድኩ። «በደጃዝማቹ ስም ይጠራ!» ብለው ቆረጡ።

«ለእኔ ለግመል ነጂ የልጅ ልጅ አይከብድም?»

«ዝም በይ! ልጁ የኔ ዘር ነው!»

በክርስትናው ዕለት የአያቴ የድሮ ባልንጀራ ከመተማ መጣ። ስሙን ሲሰማ «ውይ፣ የዚያ የግመል ነጂ ጓደኛዬ ሞክሼ!» አለ።

አማቴ ከመደቡ ብድግ አሉ። «አንተ ሽማግሌ፣ በደጃዝማች ትቀልዳለህ?»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። ዋንጫውን በጠላ እስከ አፉ ሞላሁለትና በዓይኔ ጠቀስኩት።

አማቴ እውነቱን ሳልነግራቸው ሞቱ። ብነግራቸው ከቆጠራው ያስወጡት ነበር፤ እኔ ደግሞ አያቴን ከንጉሥ ማዕድ አላስነሳም። በለቅሷቸው ላይ አልቃሿ ስሙን ከነገሥታቱ ጋር አከታትላ አወረደችው። ከሁሉ አብልጬ ደረቴን የመታሁት እኔ ነበርኩ።