ለገዳዩ ያደረግነው ዱዓ

ዛሬ ችሎት ላይ ዕድሜ ልክ ሲፈረድበት ቀና ብሎ እንኳ አላየንም።

ሦስት ሰው ገድሎ ሐይቁ ውስጥ የጣለው ዓሣ አስጋሪ ጎረቤታችን ነው።

ሰው በጠፋ ቁጥር ታንኳውን አውጥቶ ፍለጋውን የሚመራው እሱ ነበር። ለካ ሬሳ በሌለበት ዳር ነው ሲያመላልሰን የከረመው።

እኔ ደግሞ ለፍለጋ ሲወጣ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ጋቢዬን አልብሼዋለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም።

ከችሎት ስንወጣ፣ ልጃቸውን የገደለባቸው እትዬ ዘሃራ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄን ሲፈልግልኝ ውሎ ሲመለስ፣ አላህ ክፉ አያሳይህ ብዬ ዱዓ አድርጌለታለሁ። ያን ዱዓ እንዴት አድርጌ ነው የምመልሰው?» አሉኝ።



መርቃችሁት የተጸጸታችሁበት ሰው ካለ፣ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ። ነገ እትዬ ዘሃራ ቤት እሄዳለሁ፤ የምላቸው የለኝም።