ልጄ ሊቀይረው የነበረው ሞኒተር

ልጄ ሞኒተር ሊገዛ አዲስ አበባ እንደሚሄድ ሲነግረኝ የያዝኩትን ሰፌድ አስቀመጥኩ። ከአሶሳ ተነስቶ በአውቶብስ ያን ሁሉ አገር ሊያቋርጥ! ያንን መንገድ የሄደ ልጅ እስኪደውልላት ስልኳን ታቅፋ የምትውል እናት በሰፈራችን ሞልታለች። ጢም ያወጣ ልጅ ደግሞ አትሂድ አይባልም።

ከመንገዱ ዳር ባለችው ክፍላችን ጌም ቤት ከፍቷል፤ የሰፈር ወጣቶች እየከፈሉ ይጫወቱበታል። ሞኒተሩን የሸጠለት ሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ያኔም አዲስ አልነበረም፤ ግን ለጌም ተብሎ የተሠራ ፈጣን ነው እያለ ልጄ እንደ ሙሽራ ይወለውለው ነበር። አሁን ጠላው።

«አርጅቷል፣ እማ» አለኝ። «ጨለማ ቦታ ስንገባ ሁሉም አመድ ይመስላል። የተደበቀው ሰው ሳናየው ይገድለናል። ልጆቹ ተሰላችተው እየሸሹኝ ነው።»

«እዚህ አይገኝም?»

«እዚህ ያለው ቴሌቪዥን ነው።»

«በሰው አስመጣዋ።»

«ተሰንጥቆ ቢመጣስ? አይቼ ነው የምገዛው።»

ሻንጣውን አሰናዳ። በማግስቱ ሊሄድ ነው። ምን ብዬ ላስቀረው? ፊደል ከመቁጠር ያላለፍኩ ሴት ስለ ሞኒተር ምን አውቄ? ቢያንስ ልየውና የሚመሰገን ነገር ላግኝለት ብዬ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከበር ላይ ሆኜ ምሳ ቀርቧል ከማለት በስተቀር አይቼው አላውቅም፤ የተኩስ ድምፁ ያስፈራኛል።

ልጄና አንድ ባጃጅ ነጂ ደንበኛው በአዲሱ ረጅም አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ድሮ ደንበኞቹ ምንጣፍ ላይ ነበር የሚቀመጡት፤ አግዳሚውን ያሠራው በቅርቡ ነው። እኔ ከወንዶች ጋር አግዳሚ ላይ መቀመጥ አፈርኩና የወጥ ቤቷን በርጩማ አምጥቼ ከሥራቸው ቁጭ አልኩ። ሞኒተሩ አንድ የለስላሳ ሳጥን ላይ ነው ያለው፤ ፊት ለፊቴ ሆነ።

«እማ መጣች! ጆይስቲክ ስጧት!» አለ ልጄ። ሳቁብኝ።

ከዚያ አየሁ። ሱብሃነላህ! ሣሩ አንድ በአንድ ይወዛወዛል። ዝናብ ሲዘንብ ቅጠሉ ላይ ያለው ጠብታ ከብዶት ይወርዳል። ወንዙ ድንጋዩን ዞሮ ያልፋል፤ እኔ ልጅ ሆኜ ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ ከጭነት መኪና ወርጄ መጀመሪያ የጠጣሁትን ውኃ መሰለኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«ሰው ነዋ።»

«ሰው? ሰው ሣር ይሠራል?»

ወደ አንድ ዋሻ ገቡ። ልጄ «ይኸው፣ አመዱ መጣ» አለ። እኔ ግን አመድ አላየሁም። ጨለማውን አየሁ፤ ጨለማው ውስጥ ደግሞ መሣሪያ የያዘ ሰው።

«ልጄ! በግራህ! ከድንጋዩ ኋላ ሰው ቆሟል!»

«የታል?»

«ተኩስ! አንተ ልጅ ሊገድልህ ነው፣ ተኩስ!»

ተኮሰ፤ ሰውየው ወደቀ። ባጃጅ ነጂው ከአግዳሚው ዘሎ ተነሳ። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት አይለይም። «ወላሂ፣ እማማ፣ አንተ ጎበዝ ነህ! ነገም ና!» አለኝ።

«እንዴት አየሽው?» አለ ልጄ።

«አንተን ስጠብቅ ያረጀ ዓይን ነው። ጨለማ አይጋርደውም።»

ሁለተኛም አየሁለት። በሦስተኛው ልጄ ሳቁን ተወና ከአግዳሚው ወርዶ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። ተነሳ። ተቀመጠ። ደግሞ ተነሳ።

«ከላይ ሳየው ያመዳል» አለ፤ «እዚህ ስሆን ይጠቁራል! ይሄ ሞኒተር ትክክል የሚታየው ፊት ለፊት ሲያዩት ነው። አግዳሚውን ካሠራሁ ጀምሮ ከላይ ነው የምናየው!»

ሌሎች ሳጥኖች ደራርበው ከፍ አደረጉትና ከአግዳሚው ቁልቁል ማየት ቀረ። ዋሻው ጥቁር ሆነ፤ በጥቁሩ ውስጥ የድንጋዩ ስንጥቅ ሳይቀር ወጣ። ሦስታችንም እንደ ሞኝ አፈጠጥን። ጨለማ እንዲህ ያምራል ብሎ የነገረኝ የለም።

«አዲሱ ግን ይበልጣል» አለ ባጃጅ ነጂው። በዓይኔ ልበላው ደረስኩ።

«ይበልጣል» አለ ልጄ። ሞኒተሩን በእጅጌው ወለወለው። «ይሄም ግን ገና ይሠራል። ይቆይ።»

አልሃምዱሊላህ አላልኩም፤ ቢሰማኝ ሐሳቡን ይቀይራል ብዬ ፈራሁ። በሆዴ ብቻ አልኩት።

ሲነጋ የአውቶብሱን ጥሩምባ ሰማሁና ብድግ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። የልጄ ጫማ እዚያው አለ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ነካሁት።