የተረጋገጠው ዝናብ

ያን ቀን ሰማዩ ቁልጭ ብሎ ነበር። ደመና የለ፣ ነፋስ የለ፤ አቧራው እንኳ መነሣት ሰልችቶት መሬት ላይ ተኝቷል። እንዲህ ያለ ፀሐይ ሲገኝ እኔ ወፍራም ብርድ ልብስ አጥባለሁ። የማስጫው ገመድ ሞልቶ ስለነበር፣ ብርድ ልብሱን ውሃው እየተንጠባጠበ ወስጄ ባለቤቴ የዝናብ መለኪያውን ባጠረበት ሽቦ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጣል አደረግሁት። ፀሐይ ስትጠልቅ አነሣሁት፤ ረሳሁትም።

ባለቤቴን ሰፈሩ «ጋሽ ጠብታ» ይለዋል። እንጀራው የትምህርት ቤት ጸሐፊነት ነበር፤ ነፍሱ ግን ግቢያችን ውስጥ የተተከለችው የቆርቆሮ መለኪያ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ያጠራቀመችውን ውሃ ለክቶ ለአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ልኳል። በሠርጋችን ዕለት እንኳ እኔን በር ላይ አቁሞ ሄዶ አንብቧት መጣ። ባዶ ነበረች። በጋ ነው ያገባኝ።

አንድ ሕግ አለው፤ «እኔ የምጽፈው ሰማዩን አይደለም፤ መለኪያዋ ያለችውን ነው» ይላል። አልጋቸው ላይ ሆነው በግምት የሚጽፉትን የሌላ ጣቢያ ሰዎች አምቶ አይጠግብም።

ከዚያ ቀን ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ከመሥሪያ ቤቱ አንዲት ባለሙያ መጥታ ስልኩ ላይ አዲስ ነገር ጭናለት ነበር። ብሎክቼይን ይባላል አለች። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም ገባኝ። የሚልከው ቁጥር ብዙ ቦታ ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ባንዴ ይመዘገባል፤ የዛሬው ከትናንቱ ጋር በማኅተም ይታሰራል። መረጃው ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ የወሰደውም ሰው ማንም እንዳልነካካው ራሱ ያረጋግጣል።

«አንዴ ከገባ ማንም አይሰርዘውም፣ ጋሼ» አለችው።

ባለቤቴ በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲያ አልሳቀም።

ብርድ ልብሱን ባጠብኩ ማግስት ከመለኪያዋ ጎን ቆሞ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ደረቁን መሬት ሲያይ አገኘሁት።

«ሌሊት ዝናብ ሰምተሻል?»

«እኔ ምን እሰማለሁ፤ እንደ ግንድ ተጋድሜ ነው ያደርኩት።»

«አሥራ አራት ሚሊ ሜትር!»

ያኔ ብርድ ልብሱ ትዝ አለኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እሱ ልኮታል። አንዴ ከገባ አይሰረዝ፤ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ባለሙያዋ ደወለች። በአካባቢው ያሉ ጣቢያዎች በሙሉ ዜሮ ልከዋል። «ጋሼ፣ ምክንያቱ ካልታወቀ የጣቢያዎ መረጃ አጠራጣሪ የሚል ምልክት ይደረግበታል። የሠላሳ አንዱም ዓመት።»

ምሳውን አልነካም። መለኪያዋን ፈታ፣ አጠባት፣ መልሶ ገጠማት። ከዚያ ግድግዳው ሥር ኩርምት ብሎ «ዋሸችኝ» አለ፤ ሚስቱ የከዳችው ሰው ይመስል።

«እሷስ አልዋሸችህም» አልኩት። «እኔ ነኝ ብርድ ልብስ ያሰጣሁባት።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«የትኛውን?» አለኝ።

«ግራጫውን።»

«ተመስገን!» ብሎ ብድግ አለ። «በይ፣ እንደገና እጠቢው።»

«ንጹሕ እኮ ነው!»

«በአፍ ብቻ አይሆንም፤ ይለካ።»

ንጹሑን ብርድ ልብስ አጠብኩ። እሱ በርጩማ አውጥቶ፣ ሰዓቱን ይዞ፣ እስከ ማታ ድረስ ሲንጠባጠብ ተመለከተው። አሥራ ሦስት ተኩል ወጣ። ያን ዕለት ራቱን ጠርጎ በላ።

ባለሙያዋ ሳቋን እየዋጠች መሰረዝ እንደማይቻል፣ ከሥሩ ማብራሪያ መጨመር ግን እንደሚቻል ነገረችው። እሱም ቢሆን አይጠፋም። ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ጻፈ፤ «ዝናብ አይደለም። ባለቤቴ ካሰጣችው ብርድ ልብስ የተንጠባጠበ ውሃ ነው።»

«ምነው! ዓለም ሁሉ የሚያየው ከሆነ ንጹሕ ብርድ ልብስ በል እንጂ» አልኩት።

«ንጽሕናው አልተለካም» ብሎ ላከው።

የሠላሳ አንዱ ዓመት መረጃ የአጠራጣሪ ምልክት ሳይደረግበት ቀረ። የእኔ ብርድ ልብስም እዚያው አለ፤ የሩቅ አገር ተመራማሪ ሳይቀር ያነበዋል።

አሁን ባለቤቴ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከጸሐፊነቱ ጡረታ ወጥቷል፤ መለኪያዋን ግን ዛሬም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያነባል። ከማንበቡ በፊት የማስጫውን ገመድ ያያል፤ ቀጥሎ እኔን ያያል።