የሁለት ቀን መንገድ የተመለሱት መነኩሴ

ጋርላንድ፣ ጎህ ሲቀድ

ከሌሊት ሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ራምኒክ ናቸው፤ ከእኛ አፓርታማ ሥር የሚኖሩት የሰባ ስምንት ዓመት ህንዳዊ ጎረቤቴ። አርባ ዓመት ሂሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ዛሬም እሑድ እሑድ የእምነታቸውን ልጆች ሰብስበው ያስተምራሉ። አርሊንግተን ላደርሳቸው ከሳምንት በፊት ቃል ገብቼ ነበር፤ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንዲሉ፣ ዓይኔ እየተከደነ ቁልፌን አነሳሁ።

ባለቤቴ ሰላም ጾመኛ መሆናቸውን ሰምታ የምስር ሳምቡሳ ጠብሳላቸው ነበር። መኪና ውስጥ አቀበልኳቸው።

«ሽንኩርት አለበት፣ ልጄ?»

«ያለ ሽንኩርት ሳምቡሳ አለ እንዴ?»

«እኛ የጄይን እምነት ሰዎች ሽንኩርትም ድንችም አንበላም፤ ከሥሩ የሚነቀል ነገር እርም ነው። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ እህል አልቀምስም» አሉና የፈላ ውሃ የያዘ ፔርሙሳቸውን አሳዩኝ። «ይቺን ብቻ፣ እሷንም ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

ጾም ሲባል ሥጋና ወተት ብቻ የሚታየኝ ሰው ነኝና አፈርኩ። ሳምቡሳውን እኔው ጨረስኩት።

ዳላስ፣ ነዳጅ ማደያ

ሃይዌይ 30 ገና በጠዋቱ በመኪና ተዘግቷል። የፊቴ መኪና ቀይ መብራት እየበራ እየጠፋ ሊያስተኛኝ ሲል ወጥቼ ነዳጅ ማደያ ቆምኩና የሁለት ዶላር ቡና ገዛሁ። ቡናው የታጠበ ድስት ውሃ ይመስላል። ነዳጅ ዛሬም ጨምሯል፤ ወገቤን ያመኛል። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሰዓት ሽማግሌውንም ቃሌንም ረግሜያለሁ።

ራምኒክ ለምን እንደምንሄድ የነገሩኝ እዚያ ቆመን ነው። ዛሬ በእምነታቸው የይቅርታ ቀን ነው። ሰው ያስቀየመውን ሁሉ እየዞረ እጁን አጣምሮ ይቅር በለኝ ይላል፤ ቂም ወደሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም። እሳቸው ግን አንድ ያልጠየቁትን ይቅርታ ስድሳ ሰባት ዓመት አሻግረውታል።

ነገሩ የመምህራቸው ነው። ስማቸውን አይጠሩም፤ «ማሃራጅ» ይሏቸዋል። ነጭ ጨርቅ ለብሰው በባዶ እግራቸው ከመንደር መንደር የሚዞሩ መነኩሴ ነበሩ። የጄይን መነኩሴ ተሽከርካሪ ላይ አይወጣም፤ ማሃራጅም ዕድሜ ልካቸውን በሬ እንኳ በሚጎትተው ጋሪ አልተሳፈሩም። ሕጉ አራቱን የዝናብ ወራት አንድ ቦታ እንዲቀመጡ ያዛል። እሳቸው ታዲያ ክረምቱን በከረሙበት መንደር ሁሉ ትምህርት ቤት ከፍተው፣ ሴት ልጆችንም ካላመጣችሁ እህላችሁን አልቀምስም እያሉ ወላጅ ያስጨንቁ ነበር። ሲሞቱ የተገኘው ንብረታቸው የእንጨት ሳህንና፣ ሲሄዱ ጉንዳን እንዳይረግጡ መንገዱን የሚጠርጉበት መጥረጊያ ነው።

«ለክፍሉ አንድ የሂሳብ መጽሐፍ ብቻ ነበረን» አሉ ራምኒክ። «በተራ ቤት እንወስደዋለን። አንድ ቀን ከኋላው የመልሱ ገጽ ተቀዶ ተገኘ። ያን ሌሊት መጽሐፉ የነበረው የክፍል ጓደኛዬ ባኑ ዘንድ ነው። ማሃራጅ በሁላችን ፊት ‹ሌባ› አሉት። በማግስቱ ክረምቱ አልቆ ስለነበር ጉዟቸውን ቀጠሉ።»

«የቀደደው ባኑ አልነበረማ?»

«እኔ ነኝ። ለእሱ ከማስረከቤ በፊት ቀደድኩት። ገጹንም ቤት ሳልደርስ ዝናብ አጠበው፣ አልጠቀመኝም።»

ማሃራጅ ሁለት ቀን ከተጓዙ በኋላ አንድ ነገር ይከነክናቸዋል። ባኑ ከክፍሉ አንደኛ ነው፤ ሁሉን ራሱ የሚሠራ ልጅ መልስ ምን ያደርግለታል? የሁለቱን ቀን መንገድ በእግራቸው ተመለሱ። በክፍሉ ፊት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ፊት እጃቸውን አጣምረው ጎንበስ አሉ። ማን እንደቀደደው ግን አልጠየቁም።

«እኔ ሦስተኛው ረድፍ ተቀምጬ አያለሁ» አሉ ራምኒክ። «አፌን አልከፈትኩም።»

አርሊንግተን፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ ቀትር

ባኑ ልባቸው ታሞ አርሊንግተን ልጃቸው ዘንድ መጥተዋል። ሐኪም ጊዜያቸው አጭር ነው ብሏል። ከቤቱ አሥር ደቂቃ ሲቀረን ራምኒክ «እስቲ ትንሽ እዚህ ቁም» አሉኝ። ትንሹ ሁለት ሰዓት ሆነ። ተማሪዎች ቦርሳቸውን አዝለው ከሙቀቱ እየሸሹ ያልፋሉ። ሽማግሌው ከንፈራቸው ደርቋል፣ ፔርሙሱንም አይነኩም። ሰላም ደወለች።

«ሶ የት ደረሳችሁ?»

«አርሊንግተን ፓርክ አድርገን ቆመናል። ፈርተዋል መሰለኝ።»

«አይ የኔ ጌታ! ኦኬ፣ አታስቸኩላቸው። እኔ ማናጀሬን ኮል አድርጌ ሺፍቴን እለውጣለሁ። ልጆቹንም አነሳለሁ።»

እግዜር ይስጣት። መቀመጫዬን ወደ ኋላ ለቅቄ ዓይኔን ልጨፍን ስል ራምኒክ ክንዴን ነኩኝ።

«መነኩሴ ለሕፃን ጎንበስ ሲል አይቼ እኔ ለእኩያዬ ጎንበስ ማለት ማፈሬ ነው የሚገርመኝ። ንዳ።»

አርሊንግተን፣ የባኑ ልጅ ቤት

የባኑ ልጅ በር ከፈተችልን። አባቷ መስኮት አጠገብ ባለ ሰፊ ወንበር ተጋድመዋል፤ አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። ራምኒክ ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩና እጃቸውን አጣመሩ። በቋንቋቸው ብዙ ተናገሩ። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ በእንግሊዝኛ ትተረጉምልኛለች።

ባኑ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። «አንተም ይቅር በለኝ፤ እንደማውቅ ሳልነግርህ ኖሬአለሁ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ማሃራጅ ነገሩኝ፤ ከእኔ በፊት የመጽሐፉ ተራ ያንተ ነበራ። ያን ቀን ይቅርታ ከጠየቁኝ በኋላ ውጭ ይዘውኝ ወጡና፣ መልስ የሚቀድ ልጅ የጨነቀው ልጅ ነው፣ ከነገ ጀምረህ አጠገቡ ተቀመጥና ገጹ እንዳያስፈልገው አስጠናልኝ አሉኝ።»

ራምኒክ ምንጣፉ ላይ እንዳሉ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። አርባ ዓመት ሂሳብ ያስተማሩ ሰው! እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ራምኒክ እንባቸውን ጠርገው ጠየቁ፦

«እኔ ደግሞ ወደኸኝ አጠገቤ የመጣህ መስሎኝ…»

«መጀመሪያማ ዓይንህን ማየት አልፈልግም ነበር» አሉ ባኑ። «መውደዱ ክፍልፋይ ላይ ስንደርስ መጣ።»