ድምፅ መዝጊያ ያልነበራት ጌም

የወንድሜ የታሪኩ ልጅ ስልኩ ላይ ጌም ሲከፍት ያ ጢጥ፣ ጢጥ የሚለው ድምፅ አያስቀምጠኝም። «ዝጋው!» እላለሁ። ጌም እንደኔ የሚወድ የለም፤ ግን እስከ ዛሬ የምጫወተው ድምፁን አጥፍቼ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ ከፒያሳ ጀርባ ስንኖር፣ ታሪኩ ለውትድርና እንዳይታፈስ ቀን ቀን ኮርኒስ ውስጥ ይደበቅ ነበር። ሹፌሩ አጎቴ ከአሰብ ያመጣልኝን፣ መዳፍ የምታክል ጌም አንድ ቀን ታሪኩ ለምኖኝ ኮርኒሱ ውስጥ ይዟት ወጣ። ከላይ የሚወርዱ ዓሦችን በቅርጫት መቅለብ ነው ጨዋታው። ድምፅ መዝጊያ አልነበራትም።

የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃ አንግቶ ሲገባ እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። አልጋ ስር አየ፤ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ሊወጣ በሩን ሲስበው ታሪኩ ሰውየው የሄደ መስሎት መጫወት ጀመረ መሰለኝ፣ ከላይ ጢጥ፣ ጢጥ አለ።

«አይጥ ነው» አለች እናቴ፣ ከምስሩ ቀና ሳትል።

ሰውየው ኮርኒሱን አየ፤ ከዚያ እኔን። «እትዬ፣ ነገ የምመጣው እኔ አይደለሁም» አለና ወጣ።

እኔ ተገላገልን ብዬ ዘለልኩ። እናቴ ግን ምስሩን ትታ የታሪኩን ልብስ ማጠፍ ጀመረች። ሲመሽ ታሪኩ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ቡሹሎ፣ ዘመድ ቤት ሄደ፤ ጦርነቱ እስኪያልቅም እዚያው እርሻ ሲሠራ ኖረ።

አሁን ታሪኩ ሸብቷል። ልጁ ጌሙን ሲከፍት እናታችን፣ ታሪኩ አጠገቧ ተቀምጦ እያለ፣ ቀና ብላ ኮርኒሱን ታያለች።