«ሀዋዬ የምትባል እዚህ የለችም»

ሀዋዬን ያወቅኋት በመጋረጃ ምክንያት ነው። አሠሪዋ ወይዘሮ ረዲያ የሳሎን መጋረጃ ልታሰፋ ክሬተር ሰፈር ወዳለችው ጠባብ ሱቄ ስትመጣ፣ ጨርቁን በሁለት እጇ ታቅፋ ከኋላዋ የገባችው እሷ ነበረች። ረዲያ «ሰልማ፣ እዚያ አስቀምጪው» አለቻትና በስልክ ልትነጋገር ወጣች። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ዓደን ነው፤ አባቴ ግን ሐበሻ ነበር፣ በእንግሊዞች ጊዜ ወደቡ ላይ ፎርማን የነበረ። እናም በአማርኛ «አገርሽ የት ነው ልጄ?» አልኳት። ጨርቁ ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

«ወሎ፣ ገርባ» አለች።

«ሰልማ የገርባ ስም ነው እንዴ?»

«ስሜስ ሀዋዬ ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ሰልማ ትባል ነበር። ልጆቹ እንዳይደናገሩ ብለው እኔንም ሰልማ አሉኝ።»

ይህን የነገረችኝ ያለ ቅሬታ ነው፣ ሰው ያደረገው ጫማ ትንሽ ሰፋ እንዳለው እንደሚናገር። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በባስ እየመጣች ከእኔ ጋር መዋል ጀመረች። «ኻላ» ትለኛለች፣ እዚህ አክስትን እንደሚሏት።

የምትሠራበትን ሰፈር አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ መጋረጃውን ልሰቅል የሄድኩ ጊዜ። ዐሪሽ ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲያ፣ ባሕሩ ዳር ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩ ቪላዎች በረድፍ ቆመዋል። መግቢያው ላይ ብረት ተጋድሞ ዘበኛ ይጠብቀዋል። እኛ ክሬተር መብራት ጠፍቶ በላብ ስንታጠብ እዚያ የየቤቱ ጄኔሬተር ያጓራል፣ ቀዝቃዛ አየር በበሩ ሥር ይወጣል፣ ለሣሩ ጭምር ጨው የሌለው ውሃ በቦቴ ይመጣል። በእግሩ የሚሄድ ሰው አይታይም፤ የሚሄዱት ዘበኞችና የቤት ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ከመጨረሻው አጥር በኋላ አሸዋው ይጀምራል። በጀልባ የተሻገሩ የእኛ ልጆች ወደ ሳዑዲ መንገድ ከመቀጠላቸው በፊት አጥሩ ጥላ ሥር ያርፉ ነበር። ነዋሪዎቹ በዚህ ተማረሩ። ብረቱ የተጋደመውም፣ ዘበኛው የማይታወቅ ሰው እንዳያስገባ የታዘዘውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሀዋዬ አገሯን ለቃ ስትወጣ ልጇ ሂክማ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። ለእህቷ ትታት መጣች። ሁለት ዓመት ሠርታ ልትመለስ ነበር፤ እዚህ ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ኋላም አገር ቤት ጦርነት ሆነ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሞላ። የረዲያን ትንሿን ልጅ ሃናን በእጇ አሳድጋ ለሙሽርነት አደረሰቻት። ለራሷ ልጅ የምትልከው ፎቶ ነበር። ቤተሰቡ በሌለ ጊዜ ሰገነቱ ላይ ባሕሩን ከኋላዋ አድርጋ፣ አበባ የተንጠለጠለበት የግቢ በር ላይ ቆማ፣ ቬልቬት ሶፋው ላይ ተቀምጣ። የምትተኛው ከጄኔሬተሩ ጎን ባለች ክፍል እንደሆነ አንድም ቀን አልነገረቻትም።

«ለምን ዋሸሻት?» ብያት አውቃለሁ።

«አልዋሸሁም ኻላ። ሶፋው የኔ ነው አላልኩም። እናቴ ተቸገረች ብላ እንዳታለቅስ ነው እንጂ።»

አምና ክረምት ላይ ሂክማ ለማንም ሳትናገር ከመንደሯ ጠፋች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከጎረቤት መንደር ኸይሩ ከሚባል ወጣትና ከሌሎች ጋር ጅቡቲ ገብታ፣ ከኦቦክ ወደብ በጀልባ ተሻገረች። ሌሎቹ የሚያስቡት ሳዑዲን ነው። እሷ የምታስበው ያንን አበባ ያለበትን በር ነበር። ስልኳን ደላሎቹ ስለወሰዱባት የእናቷ ቁጥር የላትም፤ በአእምሮዋ የያዘችው «ዐሪሽ» የሚለውን ስምና የቤቱን መልክ ብቻ ነው።

ቤቱን አገኘችው። አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ ከኸይሩ ጋር ብረቱ ጋ ደረሰች። ዘበኛው ዋኤል ይባላል፤ ራሱ ከሑደይዳ ተፈናቅሎ የመጣ፣ ሥራው ላይ ገና ሦስት ወሩ። ልጅቷ በምታውቃት ትንሽ ዐረብኛ «ኡሚ፣ ሀዋዬ» አለችው። እናቴ ሀዋዬ ናት ማለቷ ነው።

«ሀዋዬ የምትባል እዚህ የለችም» አላት።

«ሐበሻ ናት። እዚያ ቤት» ብላ ጠቆመችው።

«እዚያ ቤት ያለችው ሰልማ ናት። ሂጂ ልጄ፣ እኔን ከሥራ ታስባርሪኛለሽ።»

አልሄደችም። ከመንገዱ ማዶ አሸዋው ላይ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጥላ አድርጋ ተቀመጠች። ሀዋዬ በዚያን ሰዓት ፎቅ ላይ መስኮት ትወለውል ነበር። ሁለት ልጆች ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አየች። ለረዲያ ነገረቻት፤ ረዲያም «ሐራም፣ ያሳዝናሉ፣ ውሃ ላኪላቸው» አለች። ሀዋዬ ከማቀዝቀዣው አንድ ትልቅ ጠርሙስ አውጥታ ለዋኤል ሰጠችው። ዋኤል ወስዶ ሰጣቸው። እሷ ወደ መስኮቷ ተመለሰች። ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ተነሥታ ስታይ ልጆቹ ሄደዋል።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ እህቷ ከገርባ ደወለች።

«ሂክማ ደረሰች ወይ?»

«የት?»

«አንቺ ጋ ነዋ! ወር አልፏታል ከወጣች፤ ወደ አንቺ መሄዷን ኋላ ነው የሰማሁት። ደርሳ ትደውላለች ብዬ በየቀኑ ስጠብቅ...»

ሀዋዬ ስልኩን እንደያዘች በባዶ እግሯ ወደ ብረቱ ሮጠች። ዋኤልን ሐበሻ ልጅ መጥታ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ብዙ ይመጣሉ። አንዷ ሐሙስ ለት... ውሃ የላክሽላት። ሀዋዬ፣ ሀዋዬ ስትል ነበር። የለችም አልኳት።»

«እኔ ነኝ ሀዋዬ» አለችው።

ዋኤል መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ጭንቅላቱን ያዘ። የዚያን ዕለት ጥበቃውን ለሌላ ዘበኛ ትቶ ከእሷ ጋር ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ክሬተርን፣ ቃሉዓን፣ ሼኽ ዑስማን የሚባለውን ሰፈር አብረው አሰሱ፤ ሐበሻ የተሰበሰበበትን ጥላ ሁሉ እየዞሩ ጠየቁ። ሼኽ ዑስማን ሰፈር ኸይሩን መኪና ሲያጥብ አገኙት፤ እግሩን ሚስማር ወግቶት ከጉዞው ቀርቷል።

«ቀጥላለች» አላት አንገቱን ደፍቶ። «እንዳትሄጂ ብያት ነበር። "እናቴ ሀብታም ሆናለች፣ ስሟን ቀይራለች፣ እኔን ለማየት አፍራ ነው" ብላ አለቀሰች። ከዚያ ከሰዎቹ ጋር ሄደች።»

ሀዋዬ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ሱቄ ውስጥ ቆማ የስፌት መኪናዬን ጠርዝ በጣቷ ደጋግማ ትጠርግ ነበር።

ኸይሩ በመንገደኞቹ ስልክ በየቦታው መልእክት ላከ። በቀጣዩ ሳምንት ሰኞ ጠዋት ሀዋዬ ወጥ ቤት ሳለች የማታውቀው ቁጥር ደወለላት። ሂክማ ነበረች፤ አተቅ ከምትባል ሩቅ የበረሃ ከተማ።

«እማ፣ ኸይሩ ነገረኝ። ሰልማ ይሉሻል አሉ።»

«አዎ የኔ እናት። አለሁልሽ፣ አልሸሸሁሽም ወላሂ።»

«ውሃውን የላክሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀዝቃዛ ነበር» አለች ልጅቷ። ቀጥላም ሆዷን እንዳመማት፣ ሰዎቹ ትተዋት እንደሄዱ፣ አንዲት ደግ ሴት ቤቷ እንዳስገባቻት ነገረቻት። «መጥተሽ ውሰጂኝ፣ እዚሁ እጠብቅሻለሁ።»

እዚህ ላይ ነው ሀዋዬ እስከ ዛሬ ራሷን ይቅር ያላለችው። እስከ አተቅ ብዙ ኬላ አለ፤ ያለ ፓስፖርት አይታለፍም። ፓስፖርቷ የረዲያ ባል ራምዚ ካዝና ውስጥ ነው፣ እሱም ካይሮ ሄዷል፣ የሚመለሰው ለሃና ሰርግ ሐሙስ ነው። ረዲያ አቅፋ አለቀሰችላት። ይህን ልሸሽግ አልችልም፣ ክፉ ሴት አይደለችም። «አምጪያት፣ ከአንቺ ጋር ትኑር። ሃናን እንዳሳደግሽ እኛም ልጅሽን እናሳድጋለን። ሦስት ቀን ብቻ ታገሺኝ፣ ሰርጉ ይለፍ» አለቻት። ሀዋዬም አሥራ አንድ ዓመት እንደለመደችው «ሐዲር፣ መዳም» ብላ እሺ አለች። ሦስት ቀን ሳህን አጠበች፣ ሥጋ ቀቀለች፣ የሙሽራዋን ልብስ ተኮሰች። ማክሰኞ ስትደውል ሂክማን ያስጠጋቻት ሴት ስልክ ተዘግቶ ነበር። ረቡዕም ያው ነው። መብራት ጠፍቶባቸው ይሆናል አለች።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ፣ ፓስፖርቷ በእጇ፣ ብቻዋን እንዳትሄድ ብዬ አብሬያት መኪና ተሳፈርኩ። የሰርጉ ሂና ገና ከጣቷ አልለቀቀም። በቦርሳዋ ለልጇ አዲስ ቀሚስ፣ ዳቦና ሙዝ ይዛለች። መንገድ ላይ ስታወራ ነው የዋለችው። ሂክማ ቁመቷ እንዴት ይሆን፣ ዐረብኛ ቶሎ ትለምድ ይሆን፣ ዓርብ ዓርብ ከእኔ ጋር ስፌት ብትማርስ። አተቅ የደረስነው ለዐስር አዛን ሲባል ነው።

ሐበሻ ልጅ ያስጠጋችው ሴት ብለን ጠይቀን ያገኘነው የጭቃ ቤት ነው። በሩን የከፈተችው ሴት ኡሙ ሳሊም ትባላለች፣ በዕድሜ የገፋች። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሷን አየችና «ሀዋዬ ማንኛችሁ ናት?» አለች።

«እኔ ነኝ። ልጄስ?»

ሴትዮዋ እጇን ያዘቻት። ወደ ውስጥ አላስገባቻትም፤ እዚያው ደፍ ላይ አስቀመጠቻት።

«ትናንት ቀበርናት» አለቻት። «ተቅማጡ አጥብቆ ያዛት። ሐኪም ቤት ወስደናት ነበር፤ ሞልቶ በረንዳ ላይ አስተኟት። እኔው ነኝ ያጠብኳት፣ እኔው ከፈንኳት። ጠዋት ጠዋት "ዛሬ እናቴ ትመጣለች" እያለች ፀጉሯን ታስጎነጉነኝ ነበር።»

ሀዋዬ ቦርሳዋን ከፍታ ቀሚሱን አወጣች፣ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው፣ ለኡሙ ሳሊም ሰጠቻት። «ሴት ልጅ ካለሽ ስጪያት» አለች። ከዚያ መቃብሩ ጋ ወሰዱን። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። እዚያ ስትደርስ ነው የጮኸችው፤ እንዲህ ያለ ጩኸት ከሰው ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር።

ወደ ዐሪሽ የተመለሰችው ልብሶቿን ለመውሰድ ብቻ ነው። ረዲያ እግሯ ሥር ወድቃ ለመነቻት። ሀዋዬ አነሣቻት፣ እንባዋን ጠረገችላት፣ «ሃናን ሳሚልኝ» ብላ ወጣች። ዋኤል ብረቱን አነሣላት። እሱም በወሩ ሥራውን ተወ፤ አሁን ገበያው ውስጥ ቅጠላ ቅጠል ይሸጣል። አንዳንድ ጊዜ ሱቃችን ደጃፍ መጥቶ ይቀመጣል። ሀዋዬ ሻይ ታወጣለታለች። ስለዚያ ሐሙስ ሁለቱም አንሥተው አያውቁም።

እሷ ከእኔ ጋር ትኖራለች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እንሰፋለን። እጇ ፈጣን ነው፣ የትንንሾቹን ቀሚስ በአንድ ቀን ብዙ ትጨርሳለች። የትልልቆቹ ልጃገረዶች ልክ ሲመጣ ግን ጨርቁን ወደ እኔ ታሳልፈዋለች፣ እኔም ተቀብዬ እሰፋለሁ።

እህቷ «ነይ ግቢ ወደ አገርሽ፣ እዚያ ምን ቀረሽ?» እያለች ትደውላለች። ሀዋዬ «ልጄ እዚህ ናት» ትላታለች። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሁሉ አተቅ ሄዳ ኡሙ ሳሊም ቤት ሁለት ቀን ታድራለች። ወገቤ ሲፈቅድልኝ አብሬያት እሄዳለሁ።