ዜና ያልተነበበበት ምሽት

የያዙኝ ሳስተምር ነው። ጠመኔው ከእጄ ሳይራገፍ ወገዳ ከተማ እስር ቤት አደረሱኝ። ቀበቶዬንና የጫማ ማሰሪያዬን ተቀብለው ያስገቡኝ ቤት ዱሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ አሥራ አንድ ሰው ተኝቶበትም ገብስ ገብስ ይሸታል።

እዚያ ውስጥ የሚናፍቀው እንጀራ ሳይሆን ወሬ ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነበረ። የሞተ ሰው ዜና ሲያነብ፣ ሟቹ ማን እንደነበር ሳይነግረን እንዴት እንደሞተ አይነግረንም። ይህ ነገሩ ያንሰፈስፈኝ ነበር። እናም ምሽት ምሽት የሸሚዜን የአንገት ቁልፍ ቆልፌ፣ በእሱ ድምፅ የቤቱን ዜና አነብ ጀመር፦ ማን ለምርመራ ተጠራ፣ የማን ሚስት ስንቅ አመጣች፣ የማን በሬ ታመመ። ይስቁልኛል።

አንድ ቀን ገና ቁልፌን ስነካ፣ የቤቱ ታላቅ የነበሩት መሪጌታ፣ "ዛሬ ይቅርብን ልጄ፣ ደክሞናል" አሉኝ።

ከመቀመጥ በቀር ምን ሥራ አላቸውና ነው የሚደክማቸው? ተቀየምኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ራሳቸው ቀሰቀሱኝ። ፊቴን አስታጠቡኝ። ጨርቅ ነጋዴው ሙስሊም ጓደኛችንም ከቂጣው ቆርሶ "ቅመስ" አለኝ። ሽማግሌ በማለዳ ቀስቅሶ እህል ካስቀመሰ ሌላ ምን ሊሆን ነው? እናቴ ታየችኝ።

"እናትህ ደኅና ናት" አሉ መሪጌታ፣ ቀደም ብለው። "ያ ዜና አንባቢው ነው ያረፈው። ትናንት ስንቅ ሲገባ ሰማን። መርዶ በማታ አይነገርም ብለን ነው።"

"ዘመዴ እኮ አይደለም" አልኩ፣ እንባዬ እየወረደ።

"እሱንስ እያየነው ነው" አለ ነጋዴው። "አላህ ያጽናህ።"

አሥራ አንዱም በየተራ አጽናኑኝ። ሲመሽ ግን ለማንበብ አቅም አጣሁ። መሪጌታ አጠገቤ ተቀመጡ።

"እኔ ቴሌቪዥን ኑሮኝ አያውቅም። ሰውየውን የማውቀው ካንተ ነው። የሱን ነገር አንተ ካልነገርኸን ማን ሊነግረን ነው?"

ቁልፌን ቆለፍኩ። የእሱ ድምፅ አልወጣ አለኝ፤ በራሴው ድምፅ ማን እንደነበር ነገርኳቸው። መሪጌታ ተነሡ፤ ሁሉም ተከትለው ቆሙ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ተቀምጬ አላውቅም።

ከተፈታን ዓመታት አልፈው፣ ዘንድሮ መሪጌታም አረፉ። ልጃቸው የሕይወት ታሪካቸውን በቀብሩ ላይ እንዳነብ ወረቀት ሰጠችኝ። "ባደረባቸው ሕመም" ብሎ ይጀምራል። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የአንገት ቁልፌን ቆለፍኩና፣ "እኚህ ሰው" አልኩ፣ "እኔ በሰላም እንዳድር ብለው፣ የእኔን መርዶ ሌሊቱን ሙሉ ታቅፈው ያደሩ ሰው ነበሩ።"